ሊሾው ላይ የሄደችው ድመት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያንን ሁሉ መንገድ አውቶቡስ መሪ ላይ ተቀምጠህ ስትውል ወገብህ እንዴት ይሆንልሃል? ባለቤትህ እትዬ ደህና ናት? መንትዮቹስ? እማዬስ እንዴት ናት? ዳሌዋን እንዴት አደረጋት፣ እንቅልፍ ይወስዳታል ወይ፣ ምግብ ይስማማታል ወይ፣ ደረጃውን ስንት ጊዜ እያረፈች ነው የምትወጣው? እንዲህ አንድ በአንድ የምጠይቅህ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለህ በአንድ መስመር እንደምትገላገለኝ ስለማውቅ ነው። እኔ ሥራ ቦታ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ሪፖርት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወርጄ በዓይኔ ማየት ነው። እኔ በበኩሌ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ትንሽ ሳል ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለቆኛል። ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም።

በስልክ እያወራን ምን ደብዳቤ አስጻፋት ሳትል አትቀርም። ስደውል እማዬ «ድምፁን ከፍ አድርገው እኔም ልስማ» ትልሃለች። መልእክት ብልክልህ ደግሞ ስልክህን ቤቱ በሙሉ ነው የሚያነበው፤ መንትዮቹ ለአያታቸው እንደ ዜና ያነቡላታል። ይህ ነገር ደግሞ እማዬ ጆሮ መግባት የለበትም። ስለዚህ ነገ ወደ እናንተ የምትጓዘው ጎረቤቴ ሰኞ በእጅህ ትሰጥሃለች። ፖስታውን ሁለቴ በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ፕላስተሩ ተነስቶ ከደረሰህ ንገረኝ። ጎረቤቴ መልካም ሴት ናት፤ ግን ስሰጣት «ምን አለበት?» ብላ አንዴ ጠይቃኛለች፤ አንዴ በቂ ነው።

ሳላድበሰብስ ልንገርህ፤ እስካለፈው ሐሙስ ድረስ አንተን ስጠረጥርህ ነበር። አንተን ብቻም አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛውን ጠርጥሬ ነበር። እትዬንም ጠርጥሬ ነበር፣ ይቅር ትበለኝ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ስታነብ እንዳትቆጣ፣ መጨረሻው ላይ የምትቆጣበት ሰው ይቀየራል።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፣ ግን በደንብ አስረድቼህ አላውቅም። ባለ አምስት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ እየሠራን ነው። እኔ ሲሚንቶ አልነካም፤ የጊዜ ሰሌዳ ነው የማወጣው። የትኛው ሥራ ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ፣ እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቄ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፤ ካርዶቹን ግድግዳ ላይ ደርድሬ ወሳኙን መንገድ እፈልጋለሁ። መሐንዲሶቹ ክሪቲካል ፓዝ ይሉታል። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሸሚዝ ብቻ አለህ እንበል፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የማይቀር ቀጠሮ አለህ። ሸሚዙን ታጥባለህ፣ ታደርቃለህ፣ ትተኩሳለህ። እስኪደርቅ ጢምህን ትላጫለህ፣ ጫማህን ትጠርጋለህ። መላጨቱ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አያውቅብህም፤ ፋታ አለው። ማድረቁ ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ግን አንተም በቀጠሮህ ግማሽ ሰዓት ትዘገያለህ። ፋታ የሌላቸው ሥራዎች ተያይዘው የሚሄዱበት ያ መስመር ነው ወሳኙ መንገድ። እዚያ ላይ ያለ ሰው አንድ ቀን ከተኛ ሕንፃው በሙሉ አንድ ቀን ይተኛል።

የዚህ ሥራ ጣጣው ሰው ማመን ያስረሳሃል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስድስት ሳምንት ሙሉ በየሰኞው «ዘጠና በመቶ አልቋል» ይለኛል፤ የቀረችው አሥር በመቶ ምን በልታ እንደማታልቅ አይገባኝም። ቀለም ቀቢው ሦስት ቀን ለሚፈጅበት ሥራ ስድስት ቀን ይለኛል፣ ሦስቱን ኪሱ ይከታል። ሁሉም ቀን ይደብቃል። ስለዚህ የሚነግረኝን ሰው ሁሉ «ለምን?» እያልኩ እከተለዋለሁ። ሠራተኞቹ «ወይዘሪት ለምን» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ በፊቴ አይሉኝም እንጂ ሰምቻለሁ። አለቃችንን ደግሞ «ነገ ያልቃል» ነው የሚሉት፤ ሌላ ነገር ሲናገር የሰማው ሰው የለም።

እንግዲህ መስከረም ላይ ሐኪሙ የእማዬ ዳሌ ካልተቀየረ እግሯ ጭራሽ መራመድ እንደሚያቆም የነገራችሁ ጊዜ፣ ሥራዬን ወደ ቤታችን አስገባሁት። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለወራት ደረጃ ስለማትወጣ ታች መጸዳጃ ያለው ክፍል ሳይዘጋጅላት አልነካትም አለ። ቀጠሮው ለኅዳር 20 ተቆረጠ። አንተ የእትዬን የልብስ ስፌት መኪና ከታችኛው ክፍል አስወጥተን መጸዳጃ ቀጥለን እንሠራዋለን አልክ። እኔ ደግሞ ማን ጠየቀኝ ሳልል ሰሌዳ አወጣሁ። ክፍሉን ባዶ ማድረግና ግድግዳውን ለበር መስበር ሦስት ቀን፣ ቧንቧ አምስት ቀን፣ ሊሾ ማፍሰስ ሁለት ቀን፣ ሊሾው እስኪደርቅ አሥር ቀን፣ ሴራሚክ አራት ቀን፣ የመጸዳጃ ዕቃ መግጠም ሦስት ቀን፣ በር መስቀል አንድ ቀን። ሃያ ስምንት ቀን። ጥቅምት 1 ብትጀምሩ ጥቅምት 28 ታልቃላችሁ፤ እስከ ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ፋታ አለ። እንኳን ለአንድ ክፍል ለመንደር ይበቃል ብዬ ነበር።

ያኔ ለእማዬ በስልክ የተናገርኩትን እኔም አስታውሰዋለሁ፣ አንተም ሳታስታውሰው አትቀርም። ሕንፃውን የምናስረክበው ጥር 30 ነው፣ ከዚያ በፊት ንቅንቅ አልልም፣ ያለ እኔ ሥራው ይቆማል፣ የካቲት ላይ መጥቼ አስታምምሻለሁ አልኳት። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ስነቃ አጠገቤ ማን ይኖራል አለች። ጋሼ ይኖራል አልኳት። ወዲያው አንድ ካርድ አውጥቼ «እማዬ ስትነቃ፦ ጋሼ» ብዬ ጻፍኩና ከመስመሩ ጫፍ ላይ ሰካሁት። በተከራየሁት ክፍል፣ ከአልጋዬ ራስጌ ያለው ግድግዳ በሙሉ የእናንተ ካርድ ነው። ወሳኙ መንገድ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ።

ከዚያ ቀኑ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ቁም ሳጥኑ። ከታችኛው ክፍል አንድ ቁም ሳጥን ለማውጣት ዘጠኝ ተጨማሪ ቀን ፈጀባችሁ። አባባ የተወው ወረቀት ስላለበት እየተለየ ነው አልከኝ። አባባ በሕይወቱ ከውሃ ሂሳብ ደረሰኝ በቀር ያስቀመጠው ወረቀት የለም። ቀጥሎ ቧንቧ ሠራተኛው ስድስት ቀን ጠፋ። ቀጥሎ ሊሾው። ግንበኛው ማክሰኞ ጠዋት አፍስሶ አለስልሶ ሄደ፤ ማታ አንተ ስትገባ ተረግጦ አገኘኸው። ግንበኛው ሌላ ሥራ ጀምሮ ስለነበር እሱ እስኪመለስ፣ ቆፍሮ እስኪያነሳ፣ እንደገና እስኪያፈስ አሥራ ሁለት ቀን። ደምረው፤ ሃያ ሰባት ቀን። ሦስት ሳምንቱ ፋታ ተበልቶ አለቀና የኅዳሩ ቀጠሮ አመለጠን።

ሐኪሙ ታኅሣሥ 24ን ሰጣችሁ፤ ይህችኛዋም ካለፈች ከተራው ትሰረዛለች፣ እንደገና ተመዝግባ ዓመት ትጠብቃለች አለ። ዓመት እንደማትችል ደግሞ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ያኔ ነው የፈራሁት። ያኔም ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

መጀመሪያ ቧንቧ ሠራተኛውን ያዝኩት። ሁለት ቤት አንድ ላይ ይዞ ነው፣ እኛን እያታለለ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሐሳቤ ወደ እትዬ ሄደ። የስፌት መኪናዋ የነበረበት ክፍል ነው፤ ብርሃኑም ለስፌት ይመቻታል፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስላቃታት ውስጥ ውስጡን እያጓተተች ይሆናል አልኩ። አየህ፣ ሰው ሥራው እንዲህ ያበላሸዋል። መኪናዋን ራሷ ተሸክማ ወደ ላይ ያወጣች ሴት መሆኗን አንተ ነህ የነገርከኝ፤ እኔ ግን ይህንንም ማስመሰያ አደረግኩት።

ከሁሉ የባስከው አንተ ነበርክ። ሊሾውን ማን ረገጠው ብዬ ስጠይቅህ ድመት ናት አልከኝ። ድመት መቼ አመጣችሁ ብልህ የጎረቤት ናት አልክ። የትኛው ጎረቤት ብልህ መስመሩ አልሰማ አለህ። ጋሼ፣ አንተ ስትዋሽ መስመር እንደሚጠፋብህ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በሩ በተሳሳተ በኩል ይከፈታል ተብሎ ወደ አናጢው ተመለሰ። ሴራሚኩም እንደዚያው። መጀመሪያ ነጭ ተገዛ፣ ከዚያ ያዳልጣል ተብሎ ተመለሰ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ግራጫው መደብሩ አልቆበታል አልክ። ሰው ለአንዲት መጸዳጃ ቤት እንዲህ ቀለም ሲያማርጥ ወይ ሠርግ አለበት ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። ወንድሜን የእናቱን መታከም ምን አስጠላው እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ላልደብቅህ።

ለዚህ ነው ከጥቅምት 1 ጀምሮ ያለውን የየቀኑን ጻፍልኝ ያልኩህ። ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ቤት ውስጥ ማን ነበር። ለሐኪሙ ነው ብዬ ዋሸሁህ። አንተ ደግሞ ልማድህ ነውና በመኪና መዝገብ አያያዝህ ቁጭ አድርገህ ላክልኝ። ሐሙስ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ከካርዶቼ ጋር አመሳከርኩት። የጠፉት ቀኖች በሙሉ የጀመሩት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው የጠፋው ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ማክሰኞ። ሊሾው የተረገጠው ማክሰኞ። ሴራሚኩ ተመለሰ የተባለው ሐሙስ። ማክሰኞና ሐሙስ አንተ ረጅሙ መንገድ ላይ ነህ፣ እትዬ ሱቋ ናት፣ መንትዮቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ቤት የምትውለው እማዬ ብቻ ናት። ያን ጊዜም አልገባኝም። ብቻዋን መሆኗን አይቶ ቧንቧ ሠራተኛው ያታልላታል ብዬ ተናደድኩ። ስልኩን ከአንተ መዝገብ አወጣሁና ደወልኩለት።

ሰውየው ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ለምን አልመጣህም፣ አሮጊት እናት አስቀምጠህ ብዬ ጮህኩበት። እስክጨርስ ጠበቀኝና እንዲህ አለኝ፦

«እኔ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ እኮ እህቴ። በሩን የከፈቱልኝ እናትሽ ናቸው። ‹ዛሬ አልተመቸንም፣ ለምን ጥር ካለፈ በኋላ አትመጣም› ብለው መለሱኝ። ሻይ አጠጥተውኛል ደግሞ፣ ውሸት አልናገርም።»

ጋሼ፣ በሩ ታች ነው። እማዬ የምትውለው ላይ ነው። በመካከሉ አሥራ ሦስት ደረጃ አለ። ከአንተ ጋር ሆና አራት ጊዜ እያረፈች የምትወርደውን ደረጃ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ለመመለስ ብቻዋን ሦስት ጊዜ ወርዳዋለች፤ ሻይ ይዛ ደግሞ።

ስልኩን ዘግቼ አንተ የላክልኝን የሊሾውን ፎቶ ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ግንበኛው አብዛኛውን ፍቆት ስለነበር የቀረችው ጥጓ ብቻ ናት። እዚያ ላይ በአንድ መስመር አራት ክብ ምልክቶች አሉ፣ እኩል እኩል ተራርቀው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሳያቸው የቧንቧ ጫፍ አድርጌያቸው፣ ቧንቧ ሠራተኛው ዕቃውን አሳርፎበታል ብዬ ካርድ ላይ ጽፌበታለሁ። አሁን አሰፋሁት። ክቡ መሐል ላይ ትንሽ ኮከብ አለ። ያ ኮከብ ያለበትን ጎማ የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ ለምትመረኮዝበት ዱላዋ ጫፍ፣ እንዳያዳልጣት ብዬ ባለፈው ዓመት በፖስታ የላክሁላት። 

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ልማዴ ነውና ለምን አልኩ። ቢላዋ ፈርታ ይሆን አልኩ። እማዬ ግን መፍራቷን የምትደብቅ ሴት አይደለችም፤ የጥርስ ሐኪም በር ላይ አላስገባም ብላ ያሳፈረችህን አትረሳውም። ብትፈራ «አልታከምም» ብላ ቁጭ ትላለች እንጂ ሊሾ ለመርገጥ አትወርድም። ይህች ሴትዮ አልፈልግም አላለችም። ጥር ይለፍ ነው ያለችው። የካቲት ላይ ምን አለ? ግድግዳዬን አየሁት። የካቲት ላይ ያለው ነገር እኔ ነኝ።

እንዲህ ነው ጋሼ። ስነቃ አጠገቤ ማን ይኖራል ብላ የጠየቀችኝ የሰው ምደባ እንድነግራት አልነበረም። እኔ ግን እንደ ሥራ ጥያቄ ሰማኋትና ስምህን ጽፌ ሰካሁላት። ሰባት ዓመቴ ላይ ቶንሲሌን ሲያወጡልኝ አንተም ነበርክ፤ ኮሪደሩ ላይ ታለቅስ ነበር። እኔ ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የእማዬን ፊት ነው። እጇ እጄ ውስጥ ነበር። «ያልኩሽን አየሽ? አለሁ» አለችኝ። ያን ጊዜ ከሥራዋ ፈቃድ ከልክለዋት እንደነበር፣ ዝም ብላ ጥላ እንደመጣች ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እሷ ለእኔ የመለሰችውን እኔ ለእሷ አልመለስኩላትም። አፍ አውጥታ ነይ አትለኝም። ሥራሽን ጨርሺ ብላኛለች፤ ከተናገረችም ወዲያ አትመለስም። ስለዚህ እኔ ከምመጣበት ቀን ጋር እስኪገጥምላት ሥራውን ቀን በቀን ትገፋዋለች። ሰሌዳ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች ማለት ነው። አንጀቴን ነው የበላችው።

ይህን ሁሉ ሠርቼ ወሳኙ መንገድ ላይ የማን ስም እንደሌለበት አየህ? ቀዩ ክር ከቧንቧ ወደ ሊሾ፣ ከሊሾ ወደ ሴራሚክ፣ ከሴራሚክ ወደ በር ሄዶ አንተ ጋር ያበቃል። እሷ መስከረም ላይ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ካልመጣሁ ምንም አይጀመርም። ወሳኙ መንገድ ከመጀመሪያውም በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ራሴን ካርድ ላይ አልጻፍኩም።

ትላንት አለቃችን «ነገ ያልቃል» ቢሮ ገባሁ። ከታኅሣሥ 19 ጀምሮ ሦስት ሳምንት ፈቃድ እፈልጋለሁ አልኩት። ሌሊቱን ሳሰላስለው ያደርኩት ክርክር ነበረኝ፤ እናቴ ናት፣ ቀጠሮው አይለወጥም፣ እምቢ ካልክ እለቃለሁ ልል ነበር። እሱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል እሺ አለ። ጋሼ፣ እንዲህ ቶሎ እሺ የሚል አለቃ ያስጠረጥራል። ሰው ሊተኩብኝ ነው ብዬ ጆሮዬ ቆመ። ለምን አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝና እንዲህ አለኝ፦

«ወይዘሪት ለምን፣ አንቺ እኮ ሰሌዳውን ትጽፊያለሽ እንጂ ሲሚንቶውን አታደርቂም።»

በዚያ ቅጽል ስሜ በፊቴ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። አላመንኩትምና ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ የራሴን ሥራዎች አንድ በአንድ አስላኋቸው። ከእንግዲህ የቀረው የመኪናው መውጫ ኮንክሪትና ሊፍቱ ነው፤ ወሳኙ መንገድ እነሱ ላይ ነው። ስሜ ያለበት ካርድ ሁሉ ፋታ አለው። ትንሹ ሃያ አምስት ቀን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ እኔ ሥራው ይቆማል እያልኩ ሳወራ፣ ለእማዬም ይህንኑ ነግሬ ሳስከፋት፣ አንዴም ቁጭ ብዬ አላሰላሁትም። የሁሉን ሰው ቀን እየፈተሽኩ የራሴን አልፈተሽኩም። ቀለም ቀቢው ሦስት ቀን ደበቀ ብዬ ስሙን አጠፋሁት፤ እኔ ሃያ አምስት ቀን ደብቄ ነበር፤ ያውም ከእናቴ።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ታኅሣሥ 20 ቅዳሜ እገባለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ እንዳታሳያት፣ ዱላዋንም እንዳታነሳባት። እራት ላይ ውሃ እየቀዳህ፣ ሌላ ነገር እንደምታወራ ሁሉ፣ እህቴ ታኅሣሥ 20 ትመጣለች፣ ሦስት ሳምንት ከእኛ ጋር ናት በላት። ከዚያ ፊቷን እይልኝ። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንምና ግምቴ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ በማግስቱ ግራጫው ሴራሚክ ድንገት ካማራት፣ በሩም በትክክለኛው በኩል መከፈት ከጀመረ፣ አልተሳሳትኩም። የቀረው ሴራሚክ አራት ቀን፣ እስኪይዝ ሁለት ቀን፣ ዕቃ መግጠም ሦስት፣ በር አንድ፣ አሥር ቀን ነው። ደብዳቤው ደርሶህ በማግስቱ ብትጀምሩ እስከ ቀጠሮው አሥራ ሁለት ቀን ፋታ ይተርፋል። አንድ ድመት አሥራ ሁለት ቀን እንደምትበላ ደግሞ አይተናል። ስለዚህ አንድ ቀንም እንዳትሰጥ።

አንዲት ጥርጣሬ ግን አልለቀቀችኝም፣ እሷን ነግሬህ ልጨርስ። አንተ ታውቅ ነበር። የኮከቡን ምልክት በዓይንህ አይተኸዋል፤ ፎቶውን ያነሳኸው ግንበኛው ከፋቀው በኋላ የሆነውም ለዚህ ነው። ድመቷን የፈጠርካት አንተ ነህ። ሴራሚኩን በየሐሙሱ የምትመልሰው እሷ ብትሆንም መደብሩ አልቆበታል ያልከኝ አንተ ነህ። እኔ በስልክ ሰነፍ ነህ፣ ግዴለሽ ነህ፣ እናትህን አትወድም ስልህ ዝም ብለህ የሰማኸኝ እሷን እንዳላሳፍራት ብለህ ነው። ለምን እውነቱን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣህ ነበር። ግን ነግረኸኝ ቢሆን፣ ነይ ብለኸኝ ቢሆን፣ ያለ እኔ ሥራው ይቆማል ብዬ እንደምመልስልህ አውቀህ ነው። ልክ ነህ። እንዲያ ነበር የምመልሰው። ስለ ሁሉም ይቅርታ አድርግልኝ፣ ጋሼ።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እትዬን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ የስፌት መኪናዋን ነገር አንተ አትንገራት፣ መጥቼ ራሴ እነግራታለሁ። መንትዮቹን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ከያዝክበት ኪስ ግን አርቃቸው። ቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ ሻይም አጠጣው፣ ለምዶታል። ስምህን ከመስመሩ ጫፍ ካለው ካርድ ላይ ላጠፋሁብህ ለአንተ ደግሞ ረጅም ዕድሜና ደህና ወገብ እመኝልሃለሁ፤ አሁን እዚያ ካርድ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። የእማዬን ጉልበት ስመህ ናፍቀሻታል በላት፣ ሌላ ምንም አትበላት።

ያቺን በዱላ የምትሄደውን ድመት ግን ብቻዋን ስታገኛት ከሊሾው ላይ ትውረድልኝ፣ ስትነቃ አጠገቧ እኔ ነኝ የምኖረው በልልኝ።

ታናሽ እህትህ

ካርዶቹ ካሉበት ግድግዳ ሥር፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 29